«አለ» የተባለው ስፌት

ጋሽ ወስፌ ከሰው ጋር ሰላምታ የሚጀምረው ከእግር ነው። መጀመሪያ ጫማውን ያያል፣ ቀጥሎ አፍንጫውን ይነፋል፣ ፊቱን ቀና ብሎ የሚያየው ጫማው ደህና ከሆነ ብቻ ነው። «ደህና» የሚለው ደግሞ አንድ ዓይነት ጫማ ብቻ ነው፤ ሶሉ ከላዩ ቆዳ ጋር በክር የተሰፋ፣ ሲያልቅ ተፈትቶ አዲስ ሶል የሚገባለት። የቀረው ሁሉ በማስቲሽ የተለጠፈ ካርቶን ነው። ካርቶን ተጫምቶ የሚሄድ ሰው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ አያምንም፤ ብድር ቢጠይቀው አይሰጠውም፣ ልጁን ለጋብቻ ቢጠይቀውማ ከናካቴው አይሰማውም።

ስሙን ያገኘው ከጆሮው ኋላ ከማይጠፋው ወስፌ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የጠራው የለም። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ጫማ ሰፊ ዘንድ ሲገባ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ክር ላይ ሰም ከመቀባት በቀር ምንም አልተፈቀደለትም። በሦስተኛው ዓመት ወስፌ ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ያስቀመጠው ለመብላትና ለመተኛት ብቻ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አንድ ጥንድ ቡትስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ሶል አስቀይሮ በመጨረሻ ለልጁ አውርሶታል። ጋሽ ወስፌ ይህን ታሪክ ያልነገረው ሰው የለም። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ችግሩ፣ ሲያወራ ዓይኑ ከሰሚው ጫማ አይነሳም።

የሚሠራባት ክፍል ከደረጃ ሥር ናት። አንድ ሰው ሊገባ ከፈለገ ሌላው መውጣት አለበት። ግድግዳው ላይ ጫማ የሚወጠርባቸው የእንጨት ፎርማዎች ተደርድረው ተሰቅለዋል፣ ጥጉ ላይ ቆዳ የሚዘፈዘፍበት ሳፋ አለ፣ መሀል ላይ አርባ ዓመት የተቀመጠበት በርጩማ። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሦስት እርምጃ በማትሞላው መተላለፊያ ማዶ፣ የተላቀቀ ጫማ የሚያጣብቀው ለጣፊ ተቀምጧል። ለጣፊው ዕድሜው አርባ የሞላ ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ንብረቱ አንድ ቆርቆሮ ማስቲሽ፣ አንድ ብሩሽና አንድ የእንጨት ሞረድ ነው፤ ደንበኛው ግን ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ጋሽ ወስፌን የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

«ዛሬም ካርቶን ታጣብቃለህ?» ይለዋል ጠዋት በሩን ሲከፍት፣ ደንበኛ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እንደምን አደርክ ጋሼ» ይላል ለጣፊው።

«ልብ በል፣ ያንተ ሥራ ዝናብ እስኪመጣ ነው!»

ለጣፊው ብሩሹን ማስቲሹ ውስጥ ይነክራል፤ መልስ የለም። ጋሽ ወስፌ ይህን ዝምታ እንደ ሽንፈት ቆጥሮት ደረቱን ነፍቶ ይገባል።

ደንበኛም ቢሆን አይምርም። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ፣ ክራቫቱን አሳምሮ ያሰረ፣ አፉን የከፈተ ጫማ ይዞለት መጣ። ጋሽ ወስፌ ጫማውን ተቀበለ፣ አገላበጠ፣ አሸተተ፣ ከዚያም በሁለት እጁ መልሶ ሰጠው። «ነፍስ ይማር» አለው። «አስከሬኑን ውሰድልኝ።» ሰውዬው ሳቀ፤ ከዚያም ሦስት እርምጃ ተሻግሮ ለጣፊው ዘንድ ተቀመጠ። ለጣፊው በሩብ ሰዓት አበቃለት። እንዲህ እንዲህ እያለ የጋሽ ወስፌ ደንበኛ ተመናምኖ ጥቂት ያረጁ ሰዎችና ጥቂት ያረጁ ጫማዎች ብቻ ቀሩት። እሱ ግን ሰው ሁሉ ከደረጃ የወረደ፣ እሱ ብቻ ላይ የቀረ ነው የሚመስለው።

ይህ ሁሉ ንቀት ሳለ፣ ሦስት ዓመት ሆነው ዓይኑ ዳመና ከለበሰ። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ጠፋ፤ ክሩን በምላሱ አርሶ በጣቱ እየዳበሰ ማስገባት ለመደ። ቀጥሎ የስፌቱ መስመር ጠፋ፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየለካ መውጋት ያዘ። ከዚያ የሰው ፊት ጭስ ውስጥ የቆመ መሰለው። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ደንበኛ ሲመጣ፣ «የቱ ጋ ነው የተቀደደው? አሳየኝ! የገዛ ጫማህን የማታውቅ ከሆነ ለምን መጣህ?» ብሎ ይቆጣል፤ ደንበኛውም ደንግጦ ጣቱን ይዞ ቀዳዳው ላይ ያሳርፍለታል። አንድ ጊዜ ደፍሮ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ሞራ ነው፣ በቀላሉ ይነሳል አሉት። ሐኪሙ ግን ተነስቶ ሲራመድ የሶሉ ጫፍ ተላቆ ጠፍ ጠፍ ሲል ሰማ። «የገዛ እግሩን ያልጠበቀ ሰው ዓይኔን ሊነካ!» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። እንዲህ ያለ ኩራት ጅልነት ነው፤ ፊት ለፊት የሚነግረው ሰው ግን አልነበረም።

ኩራቱ ፍርሃት መሆኑን ራሱ ያውቃል። ዓይኑ መድከሙ ከታወቀ ወስፌው አከተመ። ወስፌው ካከተመ ደግሞ እሱ ደረጃ ሥር የሚቀመጥ ቁጡ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ቁጣውንም የሚሰማለት የለም።

ልጁ፣ ያለችው አንዲት ልጁ፣ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆና የተቀጠረችው ባለፈው ዓመት ነው። በቀን ሁለት መቶ ግቢ ትዞራለች። በየግቢው ተንበርክካ የብረት ክዳን ታነሳለች፣ የቆጣሪውን መስተዋት ከጭቃ ትጠርጋለች፣ ቁጥሩን ጽፋ፣ ውሻ ካለ ሮጣ ትወጣለች። ሥራው የአንድ ዓመት ጊዜያዊ ነው። አንድም መንገድ ሳታጎድል ከጨረሰች ቋሚ ትሆናለች፤ ካጎደለች ደህና ሁኚ ነው። በመጀመሪያው ወር ስስ ጫማ አድርጋ ስትዞር ተረከዟ ተልጦ፣ አመሻሽ ላይ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ጥርሷን ነክሳ ትቀመጥ ነበር።

«ይሄ ጫማ ነው?» አለ አባቷ፣ ያወለቀችውን አንስቶ እያጣመመ። «ይሄ የዳቦ መጠቅለያ ነው! የኔ ልጅ ሆነሽ በዳቦ መጠቅለያ ትሄጃለሽ? እኔ ሳልሞት?»

«እሺ አባዬ። ደሞዜን ስቀበል አንተው ምረጥልኝ» አለች።

በዚያ ሳምንት ጋሽ ወስፌን የሚችለው አልተገኘም። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ፣ «ልጄን ቡትስ ላስገዛ ነው፤ ከኔ ሌላ የሚያምኑት ሰው የለማ!» እያለ ለፈፈ። ለለጣፊውም ነገረው፤ ለእሱማ ሁለት ጊዜ ነገረው። ቅዳሜ ጠዋት ኮቱን አስተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ ወጣ።

ሦስት ሱቅ ገብተው በሦስቱም ተጣልቶ ወጣ። የመጀመሪያው ሻጭ «ፋሽን ነው» ስላለው፣ ሁለተኛው ጫማውን በአንድ እጁ ስላቀበለው፣ ሦስተኛው ደግሞ ሱቁ በር ላይ ገና ማስቲሽ ስለሸተተው። አራተኛው ሱቅ ውስጥ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ ሻጭ ፈገግ ብሎ ተቀበላቸው።

«ይመልከቱ አባት፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው።»

«ኦሪጅናል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማለት... ኦሪጅናል ነዋ!»

«ጫማ ትሸጣለህ ስለ ጫማ ግን አታውቅም። አንተን እዚህ ያስቀመጠህ ሰውዬ ሽንኩርት ቢያስሸጥህ ይሻለው ነበር። ለነገሩ ሽንኩርቱንም አበሻቅጠህ ትጨርሰዋለህ።»

ሻጩ ጆሮው ቀላ። ሌላ ገበያተኛ ሳቀ። ጋሽ ወስፌ ሳቁን ሲሰማ ባሰበት፤ ስለ ሻጩ ጸጉር፣ ስለ ሻጩ ጥፍር፣ ስለ ሻጩ አስተማሪዎች ተናገረ። ልጁ እጅጌውን ሳብ ብታደርገው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ይህን ሁሉ እያለ እጁ አንድ ቡናማ ቡትስ ላይ አረፈ።

ጫማ የሚፈትንበት አራት መንገድ አለው። ጫማውን ያጥፋል፤ ይህኛው ታጥፎ ተመለሰ። ሶሉን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ጥሩ ድምፅ ሰጠ። ጠርዙ ላይ ያለውን ክር በአውራ ጣቱ ጥፍር ይከተላል፤ ክሩ ወፍራም ነው፣ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ሄደ። የመጨረሻው ነው ዋናው። ጠርዝ ላይ ያለ ክር ለጌጥ ሊሰፋ ይችላል፤ ቁም ነገሩ ውስጥ መውረዱ ነው። የውስጡን ንጣፍ ገልጦ፣ ክሩ ከላይ ወደ ታች ዘልቆ መውጣቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። በጣት እንዳይዳብሰው የቡትሱ አንገት ጠበበው፤ የእሱ እጅ ደግሞ እንደ አካፋ ሰፊ ነው።

ንጣፉን ገለጠና አጎንብሶ አየ። ጨለማ ነው። ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ። ግራጫ ጨለማ ነው። ሻጩ ይጠብቃል፣ የሳቀው ገበያተኛ ይጠብቃል። ልጁ ከጎኑ አጎንብሳ ስልኳን አወጣች።

«ላብራልህ አባዬ?»

የስልኳ ባትሪ በራ። ግራጫው ነጭ ሆነ እንጂ የታየው ነገር የለም። «ልጄ፣ እስቲ አንቺ እዪልኝ» ማለት ይቻል ነበር፤ አራት ቃል ነው።

«አርባ ስድስት ዓመት ያለ ባትሪ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አጥፊው!» አለ።

አጠፋችው።

«አለ» አለ ጋሽ ወስፌ ቀና ብሎ። «ክሩ አለ። ይሄን ውሰጂ። አንተም ስማ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እጅህ መግባቱን እንኳ ሳታውቅ ነው የሸጥከው።»

ልጁ ቡትሱን አንድ ጊዜ አይታ ቦርሳዋን ከፈተች። ከአንድ ወር ደሞዟ ከግማሽ በላዩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥር ወር ለጋሽ ወስፌ የድል ዘመን ነበር። ለአዲሱ ሶል የሚሆን ቆዳ ካለው ሁሉ መርጦ፣ ቆርጦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ውሸቱን ራሱ ረስቶት ነበር ማለት ይቻላል፤ «አለ» ያለውን ነገር ለሰው ሲደጋግም ያየው እየመሰለው መጣ። በየሳምንቱ ልጁን ይጠይቃታል።

«አላለቀም ሶሉ?»

«ገና ነው አባዬ።»

«አየሽ? አየሽ አይደል!»

እሷ ማለዳ ወጥታ ማታ ትገባለች፣ ጫማውን ክፍሏ ውስጥ አስገብታ ትዘጋለች፤ እሱ ነክቶት አያውቅም። ዝናቡ መጥቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን ለጣፊው ዘንድ ሰልፍ ሆነ። ጋሽ ወስፌ ከበሩ ቆሞ፣ «የኔን ልጅ ግን እዚህ ሰልፍ ላይ አታገኟትም!» አለ። ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ለጣፊው ከሥራው ቀና አላለም።

ዓመቱ ሊሞላት ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ እሑድ፣ ልጁ ጉንፋን ጥሏት ተኝታ ዋለች። ጫማዋን አጥባ ደጃፉ ላይ እንዲደርቅ አስቀምጣዋለች። ጋሽ ወስፌ አነሳው። ሶሉ አልቆ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ስትነሳ አዲስ ሶል ገብቶለት ልታገኘው ነው፤ እሱም በመጨረሻ በአደባባይ ሊመሰገን ነው። ቡትሱን ብብቱ ሥር ከቶ ወደ ክፍሉ ሄደ።

በርጩማው ላይ ተቀምጦ ቢላዋውን በሶሉና በጠርዙ መሀል አስገባ። የተሰፋ ሶል ሲፈታ ክሩ አንድ በአንድ ጠቅ ጠቅ እያለ ይበጠሳል፤ ያን ድምፅ ጠበቀ። ድምፅ የለም። ቢላዋው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሳይታገለው ዙሪያውን ሄደ፤ ሶሉ ተገንጥሎ ጭኑ ላይ ወደቀ። ሽታው አፍንጫው ውስጥ ገባ። ማስቲሽ ነው። በጣቱ ዳበሰው፤ አንድ ንብርብር አይደለም፣ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ አለ። ከሥሩ ደግሞ የእንጨት ሞረድ አግድም የቧጠጠው ቆዳ አለ። ጠርዙ ላይ የነበረው ያ ወፍራም ክር አንዲት ስስ ላስቲክ ላይ ለጌጥ ተሰፍቶ ቀርቷል እንጂ ወደ ውስጥ የወረደ ስፌት የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

ሁለተኛውንም ፈታው፤ እንደዚያው ነው። ከዚያ ተነስቶ እሑድም ወደማያርፈው ለጣፊ ሦስቱን እርምጃ ተሻገረ።

«የልጄን ጫማ ስንት ጊዜ ለጠፍክ?»

ለጣፊው ብሩሹን አስቀመጠ። «ስድስት» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በተገዛ በሦስተኛው ሳምንት ነው የመጣችው። ዝናብ መትቶት ፊቱ ተላቆ ነበር።»

«ለምን አልተነገረኝም? እኔ ጫማ ሰፊ አይደለሁም?»

«እሷ ናት 'እንዳትነግርብኝ' ያለችኝ። 'አባዬ ማየት ትቶታል፣ ይሄን ከሰማ ይሞትብኛል' አለች።»

«ማን ነው ማየት የተወው?»

«ተው ጋሼ» አለ ለጣፊው በዝግታ። «መንደሩ ሁሉ ያውቃል። አንተ ሰፍተህ የሰጠሃቸው ሽማግሌዎች ጫማቸውን በጓሮ በኩል ዞረው ለኔ ያመጡታል። ስፌትህ ጠርዝ ስቶ ይወጣል። ከሥሩ ማስቲሽ ቀብቼ እመልስላቸዋለሁ። ሦስት ዓመት ሆነን።»

ጋሽ ወስፌ የቡትሱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«በየጠዋቱ ስትሰድበኝ» አለ ለጣፊው፣ «የምመልሰው አጥቼ ዝም የምልህ ይመስልሃል? አዝኜልህ ነው።»

አርባ ስድስት ዓመት ሰው ሲንቅ የኖረ ሰው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲታዘንለት መክረሙን በአንድ ቀን ሰማ። ስድብ ቢሆን ይመልስ ነበር። ለኀዘኔታ ግን የተዘጋጀ አፍ አልነበረውም። ቢላዋውን አሁንም ጨብጦታል፤ በሌላው እጁ ሶሉ የተገነጠለ ቡትስ ተንጠልጥሏል። ነገ ሰኞ ነው። ሁለት መቶ ግቢ አለ። ቆርጦ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው ሶል እዚህ ጫማ ላይ አይሰፋም፤ የሚሰፋበት ጠርዝ የለውም። ቢኖረውስ ማን ሊሰፋው?

የለጣፊው ደንበኞች የሚቀመጡባት ዝቅተኛ ወንበር አለች። ጋሽ ወስፌ በእግሩ ፈልጎ አገኛትና ተቀመጠባት።

«ለጥፍልኝ» አለ። «እባክህ።»

ለጣፊው አሮጌውን ማስቲሽ ፋቀ፣ ሞረደ፣ ቀባ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ሶሉን አገጣጠመ። ከዚያ አንደኛውን ቡትስ ለራሱ አስቀርቶ ሌላውን ጋሽ ወስፌ ጭን ላይ አኖረለት። «ፊቱ ላይ በሁለት አውራ ጣትህ ተጫነው» አለው። ጋሽ ወስፌ ተጫነው።

ልጁ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ጫማዋን ከደጃፍ ስታጣው ነገሩ ገብቷታል፤ በነጠላ ጫማ፣ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እያሳላት መጣች። አባቷን የት እንደተቀመጠ አየችና ቆመች። ለጣፊው አቀርቅሮ ሥራውን ቀጠለ።

«ልጄ» አለ ጋሽ ወስፌ ወደ ሳሏ ድምፅ ዞሮ። «ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ምንም አላየሁም።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«መቼ ነው ያወቅሽው? ሲላቀቅብሽ?»

«እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው። ባትሪውን ሳበራ አየሁት። ክር የለውም።»

መተላለፊያው ውስጥ ሰው መጥቶ አለፈ፤ ጋሽ ወስፌ የሰውዬውን ጫማ ለማየት አልሞከረም።

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን ገዛሽው?»

«ሰውዬውን እንደዚያ ስታዋርደው ቆይተህ 'አለ' አልክ» አለች። «እሱ ፊት ምን ልበልህ?»

ማስነጠስ ያዛትና ፊቷን በፎጣው ሸፈነች። ጋሽ ወስፌ ሊነሳላት ፈልጎ ወገቡን ቀና ሲያደርግ ጣቶቹ ሶሉ ላይ ላላ አሉ።

«ጋሼ፣ አትልቀቀው» አለ ለጣፊው ቀና ሳይል። «ገና አልያዘም።»

ተመልሶ ተቀመጠና ተጫነው።